እንደገና መንገድ ለመውጣት

ጉዞ የሚወድ ሰው ጉዞ ሲያስጠላው ለማን ይናገራል? ገንዘብ ያጠረው ሰው ምክንያት አለው። ቪዛ የተከለከለም፣ የታመመም እንደዚሁ። ግን ፈቃዱም ተገኝቶ፣ ትንሽ ገንዘብም ተጠራቅሞ፣ ጤናም ኖሮ፣ ልቡ ብቻ አልነሳ ያለ ሰው ምን ይላል? "እስቲ አያለሁ" ይላል። እኔም ለዓመታት ስለው የኖርኩት ይህንኑ ነው። ይቺ ሥራ ትለቅ። ብርዱ ይለፍ። ዓመቱ ይግባ። ከዚያ ዓመቱ ይገባል፣ ብርዱም ያልፋል፣ ሻንጣው ግን ቁም ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ዛሬ የምጽፈው እንዲህ ላላችሁ ነው። ድሮ ብዙ ተጉዛችሁ፣ በሆነ ምክንያት አቁማችሁ፣ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ላልተመለሳችሁ። ጉዞ ጨርሶ የማይስባችሁ ከሆነ ግን ምንም የጎደለባችሁ ነገር የለም። ቻርልስ ዳርዊን ከ1831 እስከ 1836 በመርከብ ዓለምን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቀሪ ዕድሜውን በሙሉ ከብሪታንያ ምድር አልወጣም፤ ታላላቅ ሥራዎቹንም የጻፈው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። በፍላጎት መቅረት ደግ ነው። የሚከብደው መሄድ እየፈለጉ መቅረት ነው።

የብዙዎቻችን መቋረጥ የሚጀምረው ከአንድ ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው ማርች 11 ቀን 2020 ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2019፣ ድንበር ተሻግረው የሄዱ ቱሪስቶች ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። በ2020 ቁጥሩ ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። ድርጅቱ ሜይ 5 ቀን 2023 አስቸኳይ የጤና ስጋቱ አብቅቷል አለ፤ በ2024 የተጓዡ ቁጥር ተመልሶ ወደ 1.4 ቢሊዮን ተጠጋ። ኤርፖርቶቹ ሞሉ፣ ጓደኞቼ ፎቶ መለጠፍ ጀመሩ። እኔ ብቻ ባለሁበት ቀረሁ።

ምክንያቱ ወረርሽኙ ብቻ አልነበረም። መንገዱ ሊከፈት ሲል እናቴ ታመመች። ከእሷ መራቅ የማይታሰብ ሆነ። ሆስፒታል መመላለስ፣ የመድኃኒት ሰዓት ማስታወስ፣ ሌሊት ስልክ ሲጮህ ልብ ድው ማለት። ይሄ ረጅም ጊዜ ቆየ። እግዚአብሔር ይመስገን አገገመች። ደህና ከሆነች በኋላ እሷው ራሷ "አንቺ ልጅ፣ ምነው እንደ ድሮው የትም አትሄጂ?" ማለት ጀመረች። መልስ አልነበረኝም። ሥራ አለብኝ እላታለሁ። እውነቱ ግን ሰውነቴ አንድ ነገር ተምሮ ነበር፦ ከቤት መራቅ አደገኛ ነው የሚል። እናቴ ድናለች፣ ሰውነቴ ግን ይህን አልሰማም።

ይህንን ለራሴ በግልጽ መናገር እስክችል ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። እስከዚያ ድረስ ችግሩ የፍላጎት ማጣት ነው የሚመስለኝ። ሰነፍኩ፣ አረጀሁ፣ ጉዞ ለእኔ አበቃለት እል ነበር። ስለዚህ የሚያነሳሳኝ ነገር ፈለግሁ። የሰው ጉዞ ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ አያለሁ፣ የድሮ ፎቶዎቼን እገልጣለሁ። ቪዲዮው ለሰዓት ያህል ሙድ ውስጥ ይከተኛል፣ ጠዋት ስነሳ ምንም የለም። ፎቶዎቹ ደግሞ ይባስ ጎዱኝ። ያቺ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ አንድ ቦርሳ ይዛ፣ የት እንደምታድር ሳታውቅ፣ አውቶቡስ ጣቢያ ወለል ላይ ተኝታ የምትስቅ ናት። እኔ አሁን ያንን አልችልም። መቻል ብቻ አይደለም፣ አልፈልግምም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዞ አቁመን ቆይተን ስንመለስበት የሚከብደን የቆምንበት ጋ ተመልሰን ለመቀጠል ስለምንሞክር ነው። የድሮውን ጉዞ፣ በድሮው ጉልበት፣ ከድሮው ራሳችን ጋር። ያ ሰው የለም። ዕድሜው፣ ጤናው፣ ኃላፊነቱ፣ የሚያስደስተው ነገር ሁሉ ተቀይሯል። ጓደኞቻችንም ሳያውቁ ይህንኑ ያባብሱታል፣ "እንደ ድሮው እኮ ነሽ፣ ተነሽ እንሂድ" ይላሉ። እንደ ድሮው አይደለሁም። ለአሁኗ እኔ የሚሆን ጉዞ የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅ ነው አንድ ነገር ፈታ ያለልኝ።

የአንዱ መቋረጥ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ለምን እንደቆማችሁ እወቁ። ሥራ አድክሞት ያቆመ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ ቦታ ማየት ሳይሆን አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ነው። ልጅ የወለደ ሰው ፕሮግራሙን ልጁ እንደሚያወጣው አምኖ መነሳት አለበት። መንገድ ላይ ክፉ ነገር የገጠመው፣ የተዘረፈ ወይም አደጋ ያየ፣ ያንን ነገር ሳይነካካ ዘሎ ለማለፍ ባይሞክር ይሻላል፤ ሰው ይዞ መጀመር ነውር የለውም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የጉዞ ጓደኛውን ያጣ ሰው ነው። በሞትም ይሁን በመለያየት። ሁልጊዜ ካርታውን የሚያየው፣ ታክሲ የሚከራከረው፣ መስኮት አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ሳይኖር መሄድ ለብቻው ሐዘን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው "ተነስ፣ ያጽናናሃል" ባንለው ጥሩ ነው። ሊያጽናናውም ላያጽናናውም ይችላል። ቢያንስ ግን ሁለታቸው አብረው ያልሄዱበት ቦታ ቢጀምር ይቀለዋል ብዬ አስባለሁ፣ እዚያ እያንዳንዱ ጥግ ትዝታ አይወረውርበትም።

አሁን ወደ ተነሳሽነቱ ልምጣ። ብዙዎቻችን ነገሩን የምናስበው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ፍላጎት ይመጣል፣ ከዚያ እቅድ፣ ከዚያ ትኬት። ረጅም ጊዜ ላቋረጠ ሰው ይሄ አይሠራም። በሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ ለድባቴ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ መሠረቱን ከጣሉት አንዱ ፒተር ሌዊንሶን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ነው፣ በ1970ዎቹ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ስሜቱ እስኪስተካከል ጠብቆ ሥራ አይጀምር፤ ትንሽ ሥራ ይጀምር፣ ስሜቱ ከኋላ ይከተለዋል። ጉዞ ያቋረጠ ሁሉ ድባቴ ይዞታል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ቅደም ተከተሉ ግን ለእኛም ይሠራል፣ በራሴ አይቼዋለሁ። (ጉዞ ብቻ ሳይሆን ምግቡም፣ ሰውም፣ ሥራውም፣ ሁሉም ነገር ጣዕም ካጣባችሁ ግን የሚያስፈልጋችሁ ትኬት አይደለም፣ ባለሙያ ነው። እባካችሁ ሂዱ።)

እኔ የጀመርኩት ፓስፖርቴን በማውጣት ነው። ሌላ ምንም አላሰብኩም። አውጥቼ ሳየው ጊዜው ሊያልቅ ነው። የማሳደሻ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ተሰለፍኩ። የትም ለመሄድ አልወሰንኩም ነበር። ግን አዲሱን ፓስፖርት እጄ ላይ ሳገኘው "ይሄ ነገር የት የት ያስገባል?" የሚል ጥያቄ ራሱ መጣ። ለብዙ ጊዜ ያላየሁት ጉጉት ነበር፣ ትንሽ ብትሆንም።

እግረ መንገዴን ይህንን ልንገራችሁ፣ ከቆያችሁ ብዙ ነገር ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። ብዙ አገሮች ፓስፖርታችሁ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። የሸንገን አገሮች (እርስ በርሳቸው ድንበር ላይ ፓስፖርት የማይጠያየቁ የአውሮፓ አገሮች ናቸው) ደግሞ ከአካባቢው ከምትወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር የቀረው፣ ከተሰጠ ደግሞ 10 ዓመት ያላለፈው እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮም ማኅተም በመምታት ፋንታ የጣት አሻራና የፊት ፎቶ እየተቀበሉ መመዝገብ ጀምረዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን 10 ዓመት አልፎታል ብላችሁ አትጣሉት፣ ከ2016 ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፣ አንዳንድ አየር መንገዶች ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ መጠቀሙንም ከልክለዋል። ብቻ ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገርና የአየር መንገዱን ሕግ አዲስ ተጓዥ እንደሆናችሁ ቆጥራችሁ አንብቡ። የድሮ ልምዳችሁን አትመኑት።

ሁለተኛው የረዳኝ ነገር ደግሞ ቀን መቁረጥ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ "እሄዳለሁ" ብሎ ማሰብና "ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ" ብሎ መወሰን ልዩነታቸው ትልቅ መሆኑን በብዙ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ "በዚህ ዓመት አንድ ቦታ እሄዳለሁ" የሚለውን ተውኩት። "ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እንደበላሁ የአውቶቡስ ሰዓት አያለሁ" አልኩ። ቅዳሜ መጣ፣ ቁርስ በላሁ፣ አየሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማደሪያ ፈለግሁ። ያዝኩም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳላስበው ጉዞ ሆነ። ልቤ በዚያ ሁሉ መሀል ሙሉ ለሙሉ ተነስቶ ነበር ብል እዋሻለሁ። ግን ሥራው ልቤን አልጠበቀም።

ቀኑን ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ። በ2010 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት 1,530 ሰዎችን ጠይቆ ነበር፣ የጄሩን ናዋይንና የባልደረቦቹ ነው። ለዕረፍት የሚሄዱት ሰዎች ከማይሄዱት ይልቅ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከመሄዳቸው በፊት ነው፤ ከተመለሱ በኋላ ግን፣ በጣም ዘና ያለ ዕረፍት ካሳለፉት በስተቀር፣ ከቀሩት ብዙም አይለዩም። አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ "ታዲያ መሄዱ ምን ዋጋ አለው?" ይላል። እኔ ሌላ ነገር ነው ያየሁበት። መጠበቁ ራሱ የጉዞው ክፍል ነው። ሁለት ወር ቀደም ብሎ የተቆረጠ ቀን ሁለት ወር ሙሉ ያገለግላል። ሥራ ሲያማርር፣ ስብሰባ ሲረዝም፣ አንድ የምታስቡት ነገር አለ። ፍላጎት የሞተበት ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚሞቅበት ጊዜ።

የመጀመሪያው ጉዞ ትንሽ ይሁን። በጣም ትንሽ። ለወራት በጄሶ ታስሮ የቆየ እግር ጄሶው በወለቀ ማግስት ተራራ አይወጣም። "ይሄን ሁሉ ዓመት ካጣሁ አይቀር" ብሎ የሦስት ሳምንት፣ የአምስት ከተማ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱ ከመነሻው በፊት ሰርዞታል፣ ሌላው ሄዶ ተንገላቶ ተመልሶ "በቃኝ" ብሏል። እኔ አንድ ሌሊት ብቻ አድሬ ተመለስኩ። ቦታውን የመረጥኩት ውብ ስለሆነ አልነበረም። ከቤት ያለኝን ርቀት በኪሎ ሜትር መለካት ትቼ በመመለሻ ሰዓት መለካት ጀምሬ ነበር። አሁን ስልክ ቢደወል ስንት ሰዓት ውስጥ እናቴ አጠገብ እሆናለሁ? ለመጀመሪያው ጉዞ መልሱ ከሦስት ሰዓት እንዳይበልጥ አድርጌ ነው ቦታ የመረጥኩት። ለሌላው ሰው ይሄ ጉዞ ላይባል ይችላል። ለእኔ ትልቁ ጉዞዬ እሱ ነው።

ስለ መጀመሪያው ሌሊት ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከባድ ነው። ክፍሉ ገብታችሁ በሩን ስትዘጉ "ምን ልሠራ መጣሁ?" የሚል ስሜት ይመጣል። አልጋው ሌላ ነው፣ ድምፁ ሌላ ነው፣ ቤት ናፈቀኝ ለማለት እንኳ ጊዜው ገና ነው። እኔ ሌሊቱን ግማሽ ዓይኔን አልከደንኩም። ጠዋት ልመለስ ብዬ ወስኜም ነበር። ለዚህ ነገር ሳይንሱ መልስ አለው። በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰው በማያውቀው ቦታ በሚተኛበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግራ ክፍል ከቀኙ ይልቅ ነቅቶ ያድራል፣ ለትንሽ ኮሽታም ይባንናል። ቦታውን ሲለምድ ልዩነቱ ይጠፋል። ማለትም ያ ሌሊት ስለ ጉዞው ምንም አይነግራችሁም። ስለ ራሳችሁም አይነግራችሁም። አንጎላችሁ ዘብ ቆሞ ማደሩ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት ምንም ነገር አትወስኑ፣ ትኬት አትቀይሩ፣ "ጉዞ ለእኔ አይሆንም" አትበሉ። ነግቶ ትንሽ ወጣ ብላችሁ በእግር ሳትሄዱ ፍርድ አትስጡ።

እኔ ጠዋት ወጣሁ። ብዙ አልሄድኩም። ማንም የማያውቀኝ መንገድ ላይ፣ የሱቁን ስም እያነበብኩ፣ ግራ ልታጠፍ ወይስ ቀኝ እያልኩ ነበር የምሄደው። ግራ ታጠፍኩ። ይህችን ያህል ነገር ነበር የረሳሁት። ቤት ውስጥ የሚወሰነው ሁሉ ለሌላ ሰው ነው፣ ለእናቴ፣ ለአለቃዬ፣ ለቤቱ። እዚያ ግራና ቀኝ የእኔ ነው። በዓመታት ውስጥ ያንን ያህል ነፃ ሆኜ አላውቅም፣ የቆየውም ምናልባት አንድ ሰዓት ነው። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ምን እንዳየሁ ጠየቀችኝ። ምንም አላልኳትም ማለት ይቻላል፣ ድምፄን ሰምታ ግን "ጎሽ" አለችኝ።

የሚንከባከቡት ሰው ያላቸው አንባቢዎች አንድ ነገር በተግባር አዘጋጁ። "አይዞሽ፣ አትጨነቂ" የሚል ምክር አይሠራም። የሚሠራው ዝግጅት ነው። የምትንከባከቡት ሰው አጠገብ የሚሆነው ማን እንደሆነ ስሙና ስልኩ ተጽፎ ይቀመጥ። መድኃኒቱ በቀን በቀኑ ተከፋፍሎ ይደርደር። የምትደውሉበት ሰዓት አንድ ይሁን፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ መንጠልጠል ይቅር። ትኬቱ ቀን የሚቀየርለት ይሁን፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም። ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ጥፋተኝነቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን አብሮኝ መሄድ የሚችል ያህል አነሰ።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጊዜ ወጥቻለሁ። ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ አንድ ሳምንት። በየጊዜው የመመለሻ ሰዓቱን ትንሽ ትንሽ አስረዘምኩት። ፍላጎቱ ሁልጊዜ አይመጣም። አንዳንዱን ጉዞ እግሬ እየከበደኝ ነው የጀመርኩት፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው ሙዱ የሚመጣው። አሁን ስለማውቀው አያስደነግጠኝም።

የጥንቱን ሞሮኮአዊ ተጓዥ ኢብን ባቱታን እዚህ ማንሳት እፈልጋለሁ። በ1325 ገና በ21 ዓመቱ ከታንጂር የወጣው እሱ፣ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀር ነበር አገሩ የገባው። ያኔ ጥቁር ሞት የተባለው ታላቁ ወረርሽኝ ዓለምን እያጨደ ነው። እናቱ እሱ ሳይደርስ ሞታ ጠበቀችው። ሁሉን አይቷል፣ መካን፣ ሕንድን፣ ወደ ምሥራቅ እስከ ቻይና ሄጃለሁ ብሏል። ቁጭ ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ቅርብ ወደሆነችው አንዳሉስ፣ ወደ ዛሬዋ ስፔን፣ ተሻግሮ ግራናዳን አየ። ከዚያ በ1352 ሰሃራን አቋርጦ ማሊ ወረደ። ለምን እንደገና እንደተነሳ ልቡ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ግን ቅደም ተከተሉን ደግሜ ደጋግሜ አስበዋለሁ፦ ከሐዘን በኋላ በመጀመሪያ ቅርቡን፣ ከዚያ ሩቁን።

አሁን የእኔም ሩቁ ጉዞ ተራው ደርሷል። ስድስት ሰዓት የጊዜ ልዩነት ያለበት አገር ነው፣ ወደ ምሥራቅ። ሰውነት በግምት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ስለሚፈልግ፣ ወደ ምሥራቅ ሲሆን ደግሞ የባሰ ስለሚከብድ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባዶ ትቻቸዋለሁ፤ አንድ ከተማ፣ አንድ ማደሪያ፣ ምንም ቀጠሮ የለም። የእናቴን መድኃኒት የሚከታተለው ሰው ተገኝቷል። የማታውን የስልክ ሰዓት ከእሷ ጋር ተስማምተናል፣ እዚያ ሌሊት ስለሚሆን ጠዋት ጠዋት አድርገነዋል። የቪዛ ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ነው።